ሲሚንቶ ያልተሰረቀበት ግድግዳ

መኪናው አሮጌው ግንብ በር ላይ ሲቆም ቀድማ የወረደችው አክስትየዋ ነበረች። ቀድማ የተናገረችውም እሷው።

«እንዴ! ይሄን ሁሉ ድንጋይ አንተ ነህ የደረደርከው?»

«እኔ እንኳ አይደለሁም፤ ከተሠራ ስንት መቶ ዓመት ሆኖታል» አለ ወንድሟ፣ ከኋላ ወንበር እግሩን አንድ በአንድ እያወጣ። «እኔ የጠገንኩት ነው። እሱንም የደቡቡን ግድግዳ ብቻ።»

«ያው ነው። የጠገነ ሠራ ነው።»

አክስትየዋን ዘመድ ሁሉ «ሬዲዮ» ይላታል፤ ማጥፊያ የላትም ለማለት ነው። ወንድሟን ደግሞ የሚያውቀው ሁሉ «ቱንቢ» ይለዋል። ቱንቢ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው፤ ግንበኛ ግድግዳው መዝመም አለመዝመሙን የሚያይበት። ሰውየው አርባ ዓመት ድንጋይ ሲያስቀምጥ አንድም ግድግዳ አልዘመመበትም። ንግግሩም እንደዚያው ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወርዳል እንጂ ወዲህ ወዲያ አይልም። መኪናውን የምትነዳው ልጁ ነበረች። ባህር ማዶ ሰባት ዓመት ተምራ፣ የአሮጌ ሕንፃዎች ጥገና መሐንዲስ ሆና ከተመለሰች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

የጸደይ ዕረፍት ነበር። ግንቡ ከጥቂት ጊዜ ወዲህ የእንግዳ ማረፊያ ሆኗልና ሦስት ሌሊት እዚያው ሊያድሩ፣ ቀን ቀን ደግሞ አካባቢውን ሊያዩ ነው የመጡት። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት አባቷ እዚህ አራት ዓመት ሙሉ ሲሠራ ሠራተኛ የሚገባው በጓሮ በኩል ነበር፤ የአንዲት ክፍል ውስጥ እንኳ አላየም። «አሁን በዋናው በር ገብተህ፣ አልጋ ላይ ተኝተህ፣ ቁርስ ይቀርብልሃል» ብላው ነበር ልጁ በስልክ። እሱም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርቶ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ።

በስልክ ያላለችው ነገር ነበር። የፊታችን ሰኞ ጠዋት ሠራተኞች መጥተው የደቡቡን ግድግዳ መፈልፈል ይጀምራሉ። አባቷ በድንጋይና በድንጋይ መካከል የሞላው ሲሚንቶ በሙሉ ሊወጣ ነው፤ ግድግዳውን እየገደለው ያለው እሱ ነውና። ይህን የሚለውን ሪፖርት የጻፈችው እሷ ናት። የፈረመችውም እሷ። ከአምስት ወር በፊት መጥታ መሰላል ላይ ሆና ስትመረምር የማን እጅ እንደሆነ ታውቅ ነበር። አውቃ ጻፈች፤ እውነት ነዋ።

ወሬው ግን አባቷ ጋ መድረሱ አይቀርም። የድሮ የሥራ ጓደኞቹ ከግንቡ በታች ባለችው ከተማ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም «ቱንቢ ቱንቢ» ሲባል ሆዳቸው ሲቆስል የኖሩ ናቸው። ከነሱ አፍ ከሚሰማው ከኔ አፍ ይስማው አለች። ግድግዳው ሥር አቁሜ፣ አንድ ቀን ደስ ካለው በኋላ፣ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ አለች። ለአንዲት ዐረፍተ ነገር ሦስት ቀን መቼም አያንስም።

እንግዳ መቀበያው ላይ የግንቡ ኃላፊ ራሷ ብቅ አለች። «ውይ ኢንጂነር! እንኳን ደህና...» ስትል ልጅቷ በዓይኗ ለመነቻት፤ ሴትዮዋም ቶሎ ገብቷት ቁልፍ ወደማቀበል ዞረች። በስልክ ተነጋግረዋል። ስለ ሪፖርቱ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ለኃላፊዋም ለእንግዳ ተቀባዩም ተነግሯል።

የአባቷ ክፍል የደቡቡን ግድግዳ ተደግፎ የተሠራ ነበር። መስኮቱ ክንድ ከስንዝር በሚወፍር ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ፣ ከሥሩ ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ፈስሷል። አባቷ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ጠረገው።

«ጽዳት ላይ ይለግማሉ» አለ።

ዱቄቱ ድንጋዩ ነበር። ልጅቷ መጋረጃውን ከፈተች፣ ዘጋችው፣ እንደገና ከፈተችው።

«ምን ሆነሻል? ጠላት መጣ እንዴ?» አለቻት አክስቷ ከበሩ ላይ። እሷ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷት ደረጃውን ስትራገም ነበር። «እነዚያ የድሮ መኳንንት ጉልበት አያማቸውም ነበር? ወይስ በቅርጫት እየጎተቱ ነው የሚያወጧቸው?»

ከሰዓት በኋላ አባቷ ሁለቱንም ይዟቸው ወጣ። ከግድግዳው ሥር ሣሩ አዲስ በቅሏል፤ ብጫ አበባ እዚህም እዚያም ፈክቷል። ራቅ ብሎ ቆመና አንገቱን ቀና አደረገ።

«እዩት እስቲ» አለ። «ሠላሳ አንድ ዓመት። አንዲት መስመር አልተነቃነቀችም።»

እውነቱን ነው፤ አልተነቃነቀችም። በድንጋዮቹ መገጣጠሚያ ላይ የሮጠችው የሲሚንቶ መስመር ትናንት የተሠራች ትመስላለች። ድንጋዮቹ ግን ወደ ውስጥ ሸሽተዋል፤ ፊታቸው ተልጦ፣ ጎድጉዶ፣ መስመሯ እንደ ከሲታ በሬ የጎድን አጥንት ገጥጣ ቀርታለች። አባትየው የሚያየው መስመሩን ነው፤ ልጅቷ የምታየው ድንጋዩን።

«በሰሜን በኩል ያለውን የሠራው ጎፈሬው ነበር» አለ አባቷ። «ታስታውሺዋለሽ አይደል አንቺ?»

«ያ ቀጣፊ!» አለች እህቱ። «ሰርጌ ላይ መጥቶ ጃንጥላ ይዞ የሄደው?»

«እሱ ነው። ጃንጥላማ ምን አላት። ከሦስት ከረጢት ሲሚንቶ አንዱ በማታ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከታች ያለውን ቤቱን ከነአጥሩ የሠራው በዚህ ግንብ ሲሚንቶ ነው። ለግድግዳው አሸዋ በአሸዋ አድርጎ ከላይ በግንበኛ ማንኪያ አለስልሶ ያልፋል። አለቃ ሲመጣ ያምራል።»

«አንተ ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ብናገር ልጆቹ ጦም ያድራሉ። እኔ ግን ምን አደረግሁ፤ አለቃው 'አንድ ሲሚንቶ በአራት አሸዋ' ሲለኝ አንድ በሁለት አደረግሁት። የሱን ጉድለት በኔ ላካክስ ብዬ። ሲያልቅብኝ ከራሴ ኪስ እየገዛሁ። የዚህች እናት ነፍሷን ይማረውና፣ 'ሰው ከሥራ ወደ ቤት ያመጣል፣ አንተ ከቤት ወደ ሥራ ትወስዳለህ' እያለች ጨርቋን ልትጥል ነበር።»

አክስትየዋ ሳቀች፤ አባትየውም ሳቀ። ልጅቷ ግን ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከአምስት ወር በፊት ከሁለቱም ግድግዳ ቁራሽ ወስዳ አስመርምራ ነበር። የደቡቡ ከታዘዘው እጥፍ የጠነከረ፣ የሰሜኑ በእጅ የሚፈርስ ሆኖ ተገኘ። የሰሜኑ ድንጋይ ግን እንደ ወጣት ጥርስ ጤነኛ ነው፤ የበሰበሰው የደቡቡ ነው። ልዩነቱ ለምን እንደመጣ ስላልገባት በሪፖርቱ ላይ «ምክንያቱ አልታወቀም» ብላ አልፋዋለች። ይኸው አሁን ታወቀ። ሌባው ግድግዳውን ሳያውቅ አድኖታል፤ አባቷ ከራሱ ጉሮሮ ነጥቆ ገድሎታል።

«አባዬ» አለች።

«አቤት የኔ ልጅ።»

«እኔ ብሆን ስሜን እቀርጽበት ነበር!» አለች አክስቷ። «እዚያች ከመስኮቱ በላይ። 'ይህን ግድግዳ ቱንቢ ሠራው' ብዬ!»

«አትቅበጪ» አለ ወንድሟ፤ ፊቱ ግን በራ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞሮ «ምን ልትዪ ነበር?» አላት።

«በርዶሃል ወይ ልልህ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ከግንቡ ትንሽ ወረድ ብሎ ያለውን አሮጌ የውሃ ወፍጮና የድንጋይ ድልድይ ሊያዩ ሄዱ። ቀኑ ብሩህ ነበር። ወንዙ ሞልቶ እያጉረመረመ ይወርዳል፤ በዳርቻው ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን ገና እየፈቱ ነው። አክስትየዋ ወፍጮው አጠገብ ሆና ፎቶ ተነሳች፣ ወፍጮውን ተደግፋ ተነሳች፣ ወፍጮውን የምትገፋ መስላ ተነሳች። አባትየው ግን ድልድዩን ከላይ ትቶ ከሥሩ ገባ። ግንበኛ ድልድይ የሚያየው ከሆዱ ነው።

ልጅቷ ተከትላው ወረደች። ከሁለቱ በቀር ሰው የለም። እዚህ ልንገረው አለች በልቧ፤ ከዚህ የተሻለ ቦታም ሰዓትም አይገኝም።

«ኖራ ነው» አለ አባቷ መገጣጠሚያውን በጥፍሩ እየፈተገ። «ጥንት ሲሚንቶ የለ። እይው፣ በጥፍር ይለቃል። ይሄ ዕድለኛ ድልድይ ነው እንጂ በዚህ ድካሙ አይቆምም ነበር።»

«ድካሙ እኮ ነው ያቆመው አባዬ።»

«እንዴት ማለት?»

«ድንጋይ ውሃ ይጠጣል አይደል? የጠጣውን ደግሞ ማውጣት አለበት። ኖራው ልል ስለሆነ በሱ በኩል ያወጣዋል። ይተነፍሳል በለው። መገጣጠሚያው በጠንካራ ነገር ከተደፈነ ግን ውሃው መውጫ ያጣና...»

«ይተነፍሳል?» አለ አባቷ።

«አዎ፣ ግድግዳም ይተነፍሳል።»

አባቷ አያት። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ሬዲዮ!» ሲል ተጣራ ወደ ላይ። «ነይ ስሚ! ሰባት ዓመት ባህር ማዶ ልከናት ግድግዳ ይተነፍሳል ብላ መጣች!»

የአክስትየዋ ጭንቅላት ከድልድዩ አፋፍ ላይ ብቅ አለ። «ይስላልም እንዴ? ማር በሎሚ እንስጠዋ!»

አባቷ ከዚያ በኋላ መቆም አቃተው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ዓይኑን በመዳፉ እየጠረገ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም። እሷም ሳትወድ በግዷ ሳቀች፤ መሳቋ ደግሞ ነገሩን ዘጋው። የተሳቀበትን ነገር መልሶ አንስቶ «እኔ ግን የምሬን ነው» ማለት ለካስ እንዲህ ይከብዳል።

ዳቦና ቅቅል እንቁላል ይዘው ነበርና ወንዙ ዳር ተቀምጠው በሉ። አባቷ እንቁላሉን እየላጠ፣ «የጡረታ መታወቂያዬን ባለፈው አይጥ በላው» አለ። «ቢሮ ብሄድ 'ምን ማስረጃ አለህ፣ የት ነው የሠራኸው' ይሉኛል። ሠላሳ ቦታ ሠርቻለሁ። ግማሹ ፈርሶ ፎቅ ሆኗል፣ ግማሹ መንገድ ወስዶታል። ታዲያ አንዱን ልጅ፣ ጸሐፊ ነው መሰለኝ፣ ምን አልኩት መሰለሽ? 'ወረቀቱን አይጥ ይብላው፤ ሂድና የግንቡን የደቡብ ግድግዳ እይ፤ እሱን አይጥ አይበላውም' አልኩት።»

«ወግ ነው!» አለች እህቱ።

ልጅቷ የጀመረችውን እንቁላል አስቀመጠች። አንድ ቀን ደስ ካለው በኋላ ብላ ነበር፤ ይኸው ደስ አለው። ደስታው በጨመረ ቁጥር ግን አፏን የሚይዛት ነገር አብሮ ይጨምራል። ይህን እንዴት አስቀድማ አላሰበችም? ሒሳብና ኬሚስትሪ ስትማር ማንም ይህን አላስተማራትም፤ ቢያስተምሯትም ይገባት እንደሁ እንጃ።

ቅዳሜ ጠዋት ግንቡ ራሱ ይጎበኝ ነበር። ሌሊቱን ዝናብ ሲጥል አድሮ ግቢው ረጥቧል። አሥራ ሁለት የሚሆኑ እንግዶች ተሰበሰቡ፤ አስጎብኚው አረንጓዴ ኮት የለበሰ ቀጭን ጎልማሳ ነው፤ የሚናገረውን በቃሉ አጥንቶ እንደ ተማሪ ያነበንባል። አዳራሹን፣ የጦር ዕቃ ቤቱን፣ ጉድጓዱን አሳየ። አክስትየዋ በየደረሰችበት ለአጠገቧ ሰው «ወንድሜ ነው የሠራው» ማለቷን አልተወችም፤ የውሃ ጉድጓዱን ሳይቀር ለሱ ሰጠችው። አባትየው «ኧረ ተይ አንቺ ሴትዮ» ይላል፣ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ልጅቷ አስጎብኚውን ልብ ብላ ያየችው ከጉድጓዱ አጠገብ ሲዞር ነው። የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አለች። ከየት እንደሆነ ሳይገለጥላት ጉብኝቱ ጥጉን ዞሮ የደቡቡ ግድግዳ ሥር ደረሰ።

«በዚህ በኩል የምትመለከቱት ጉዳት» አለ አስጎብኚው፣ «በጦርነት የደረሰ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በፊት ሙያው የሌላቸው ሠራተኞች መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ በመድፈናቸው የደረሰ ነው። ድንጋዩ ከውስጥ እየበሰበሰ ይገኛል። ከሰኞ ጀምሮ...»

ልጅቷ የገዛ ዐረፍተ ነገሯን ሰማች። «ተገቢው ሙያ ሳይኖር የተከናወነ ጥገና» ብላ ነበር የጻፈችው። አፍ ለአፍ ሲዞር እንዲህ ተቆርጦና ሾሎ መጣ።

«ማነው ሙያ የሌለው?» አለች አክስትየዋ።

አስጎብኚው ቆመ።

«አንተን ነው! ማነው ሙያ የሌለው? ወንድሜ ነው የሠራው! ይኸው፣ እዚህ ቆሟል! በዚህ አገር ቱንቢ ቢባል የማያውቀው ሰው አለ?»

አሥራ ሁለቱ ሰዎች ዞረው አዲስ ሸሚዝ የለበሰውን ሽማግሌ አዩት። አንደኛው ካሜራውን አነሳ፣ ከዚያ አፍሮ መለሰው።

«ይቅርታ አባባ» አለ አስጎብኚው፤ ፊቱ ቀልቷል። «እኔ የተጻፈልኝን ነው የምለው። ከፈለጉ ኢንጂነሯን ይጠይቋቸው። ሪፖርቱን የጻፉት እሳቸው አይደሉ? እዚችው ቦታ ላይ መሰላሉን የያዝኩላቸው እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ለኃላፊዋ ነግራለች፣ ለእንግዳ ተቀባዩ ነግራለች። ሰው ሲረሳ የሚረሳው ከሥር ሆኖ መሰላል የያዘለትን ነው።

አስጎብኚው እንግዶቹን እየነዳ ጥጉን ዞሮ ጠፋ። አክስትየዋ ወንድሟን አየች፣ ልጅቷን አየች፣ «እኔ... ጃንጥላዬን ልያዝ» ብላ በጠራ ሰማይ ሥር ወደ ውስጥ ገባች።

አባቷ ወደ ግድግዳው ቀረብ አለ። ከመጡ ወዲህ እዚህ ድረስ ሲቀርብ የመጀመሪያው ነው፤ እስካሁን የሚያየው ከሩቅ ሆኖ፣ ሥዕል እንደሚታይ ነበር። መዳፉን ድንጋዩ ላይ አሳረፈ። ሲያነሳው መዳፉ ነጭ ሆኗል።

«ትናንት ይተነፍሳል ያልሽው ይሄንን ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«እኔ ሳቅሁ።»

«ልነግርህ ነበር። ለዚህ ነው ያመጣሁህ። በመጀመሪያው ቀን ልነግርህ ነበር፣ ድልድዩ ሥር ልነግርህ ነበር...»

አልሰማትም መሰል ዞር አለ። ከአሥር እርምጃ ላይ አንድ አናጺ የዕቃ ቤቱን በር ማጠፊያ እያስተካከለ ነበር። አባቷ ሄዶ «ወዳጄ፣ መሮና መዶሻህን አንድ ጊዜ አውሰኝ» አለው። አናጺው ልጅቷን አያት። መከልከል ነበረባት፤ ከሕጉ ውጪ ነው። በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

አባቷ መሮውን መስመሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። መታ፤ እንደ በር የሚያንኳኳ ያህል ብቻ። ሲሚንቶው ድምፅ እንኳ አልሰጠም። እንደገና መታ። በአራተኛው ምት ጣት የምታህል ቁራጭ ተነስታ መዳፉ ላይ ወደቀች። ገለበጣት። የድንጋዩን ፊት ከነቆዳው ይዛው መጥታለች። ከነቀላት ጉድጓድ ውስጥ እርጥብ ነጭ ዱቄት እንደተቀደደ ጆንያ እየተንዠቀዠቀ ጫማው ላይ ፈሰሰ። መፍሰሱን እስኪያቆም ጥቂት ጊዜ ወሰደ።

ቁራጯን ከነመሮና መዶሻው እንደያዘ መራመድ ጀመረ። ልጅቷ ተከተለችው። ጥጉን ዞረ፣ ግቢውን አቋረጠ፣ ሰሜኑ ግድግዳ ሥር ደርሶ ቆመ። የአውራ ጣቱን ጥፍር ጎፈሬው በሞላው መገጣጠሚያ ውስጥ ሰካ። አሸዋው ዝርግፍ አለ። ከኋላው ያለው ድንጋይ ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ የጥንቱ ጠራቢ የመሮው ጭረት ሳይቀር ይታያል።

«አይ ጎፈሬው» አለ አባቷ። በድምፁ ውስጥ ቁጣ ፈልጋ አጣች። የሰማችው መደነቅ ነበር፤ እሱ ባሰባት። «ከረጢት ሙሉ ተሸክሞ ሲሄድ አይቼው ፊቴን አዞርኩለት። እኔ ሌሊት ተነስቼ አሸዋ አበጥር ነበር፣ ጠጠር እንዳይገባበት። የኔ እጅ አመድ አፋሽ ሆነና ቀረ።»

«አላወቅክም አባዬ። ያኔ ማንም አላወቀም። መጽሐፉም ይል የነበረው ሲሚንቶ ነው።»

«እኔ መጽሐፍ መች አነበብኩ። እኔ ማንበብ የነበረብኝ ግድግዳውን ነው። ኖራውን በጥፍሬ ፍቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከኋላው ያለው ድንጋይ ጤነኛ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። 'ይሄ ደካማ ነገር እንዴት ይሄን ሁሉ ዘመን ቆመ' ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።»

ምን ትበለው? የተማረችው ሁሉ እሱ አሁን ያለውን ነው የሚለው። ልታጽናናው ብትሞክር መዋሸት አለባት፤ ለሱ መዋሸት ደግሞ አታውቅበትም፣ እሱው ነው ያላስተማራት።

«ሪፖርትሽ አሁን ምን ይደረግ ይላል?»

«ሲሚንቶው በጥንቃቄ ይወገዳል፣ በኖራ ይተካል ነው የሚለው።»

«በጥንቃቄ ማለት?»

«በእጅ። በትንንሽ መሮ። በቀስታ።»

መዳፉን ዘረጋላት። ድንጋይ ነክሳ የወጣችው ቁራጭ አለች። «በቀስታ ነው የመታሁት። እኔ ነኝ የመታሁት። ሰኞ የሚመጡት ከኔ በላይ ቀስ ይላሉ?»

ልጅቷ ቁራጯን በጣቷ ነካች።

«ቢተውስ?»

«ይበሰብሳል። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ።»

«ቢወጣስ?»

ቁራጯን አየች። ሪፖርቱን ስትጽፍ «በጥንቃቄ ይወገዳል» የምትለውን ሐረግ ከሌላ ሪፖርት ነበር የገለበጠችው፤ እዚያኛው ሪፖርት ላይ የጻፈው ሰው ደግሞ ከሌላ ሳይገለብጥ አልቀረም። በእጁ መሮ ይዞ የሞከረ ሰው ከመካከላቸው ይኑር አይኑር አታውቅም።

«ሰኞ እኔ ልምጣ» አለ አባቷ። «ስሚኝ። የት አጥልቄ እንደሞላሁ፣ የት ላይ ላዩን እንዳለፍኩ የማውቀው እኔ ነኝ። ከመስኮቱ በላይ ያለውን የሞላሁት ዝናብ ሊመጣ ሲል በጥድፊያ ነው፤ እዚያ ጋ ልል ነው፣ ድንጋዩን ሳይነካ ይወጣል። ከዚያ እየተከተሉ መውረድ ነው። ሌላ ሰው በየት በኩል እንደሚጀምር በምን ያውቃል? ደሞዝ አልፈልግም። ዝም ብዬ በማለዳ መጥቼ ልሥራ።»

ያለው ሁሉ ልክ ነበር። በስብሰባ ላይ ማንም እንዲህ ያለ ሐሳብ አላቀረበላትም። ለዚህም ነው መልሱ ከአፏ እስኪወጣ የዘገየው።

«አይቻልም አባዬ።»

«ለምን?»

«ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው መወጣጫው ላይ አይወጣም። የሥልጠና ወረቀት የሌለውም እንደዚያው። ግድግዳውን መንካትም አይፈቀድለትም።»

«ማነው የከለከለው?»

ከሰሜኑ ግድግዳ ላይ የጎፈሬው አሸዋ ጥቂት ጥቂት እያለ አሁንም ይወርዳል።

«መመሪያ ነው» አለች።

«መመሪያ ሰው ነው የሚጽፈው። ሂጂና ለምኚልኝ። ካስፈለገ እኔም አብሬሽ ሄጄ እለምነዋለሁ። ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ሳይገባው አያት። ከዚያ ገባው።

«አደጋ እንዳይደርስ ብዬ ነው» አለች ቶሎ ቶሎ። «ባለፈው ሌላ ቦታ ሰው ወድቆብን ነበር። የጻፍኩት ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለሁሉም ነው። ተፈርሞ፣ ሥራ ተቋራጩ ተቀብሎት፣ ኢንሹራንሱም በዚያ ተይዞ አልቋል። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ቢሮ ዝግ ነው። ልቀይረው ብልም ለሰኞ አይደርስም። ለሰኞ ቢደርስ ደግሞ...»

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። መሮውን በሸሚዙ እጅጌ ጠረገው፣ መዶሻውን ጨምሮ ሁለቱን አቀበላት።

«እሺ ኢንጂነር» አለ።

ስድብ አልነበረም። ስድብ ቢሆን ይሻላት ነበር። ሰው ከተቆጣ ይታረቃል፤ እሱ ግን ለአለቃው የሚመልሰውን ነው የመለሰላት፣ ያኔ «አንድ በአራት» ሲባል እንደመለሰው።

ወደ ደቡቡ ግድግዳ ተመልሶ ሄደ። ስትደርስበት በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ከሣሩ ውስጥ የወደቁትን ስንጣሪዎች እየለቀመ፣ እያንዳንዷን በጉድጓዷ ልክ ሲሞክር ነበር። አንዷ ገጠመች። በአውራ ጣቱ ያዛት፣ ቆየ፣ ሲለቃት ወደቀች። አነሳና እንደገና ሞከረ። ግድግዳውን መንካት ክልክል መሆኑን የሚናገረው ሰሌዳ ገና አልተሰቀለም፤ ሰኞ ነው የሚሰቀለው። ልጅቷ መሮና መዶሻውን ታቅፋ ከኋላው ቆመች፤ ተው ትበለው ወይስ አብራው ትልቀም አላወቀችም። አናጺው ከወዲያ ማዶ ዕቃውን ይፈልግ ነበር፤ ግን ቀርቦ ሊጠይቃት አልደፈረም።